የመምህርን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጽፋለን? ከቀብሩ ዕለት እስከ ሙት ዓመቱ

ጥሪው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ማምሻውን ነው። መምህሩ አርፈዋል፤ ቀብሩ በማግስቱ በ9 ሰዓት ይፈጸማል ተብሏል፤ ለእድሩ ጥሩምባ ነፊ ተነግሯል፤ ከዘመድ አንዱ ስልክ ደውሎ «የሕይወት ታሪካቸውን አንተ ጻፍልን» ይላል። በሰፈራችን እድር በጸሐፊነት በቆየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለው ጥሪ ደጋግሞ ስለደረሰኝ የነጋዴም፣ የወታደርም፣ የቤት እመቤትም ታሪክ ጽፌያለሁ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የመምህር ነው። የመምህርን ሥራ ቤተሰቡ አላየውም። ልጆቻቸው የሚያውቁት ማታ ማታ የፈተና ወረቀት ሲያርሙ ነው እንጂ ክፍል ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ምን ያደርጉ እንደነበር አይደለም፤ ያንን የሚያውቁት በየአገሩ የተበተኑት ተማሪዎቻቸው ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ከአጻጻፍ ይልቅ ስለ መጠየቅ የሚናገረው ይበዛል።

በመጀመሪያ ሁለት ጽሑፍ እንደሚያስፈልግ ይወቁ፤ አንዱ ለቀብሩ ዕለት፣ ሌላው ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ። ሁለቱን በአንድ ሌሊት አጣምሮ ለመሥራት የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። የቀብሩ ጽሑፍ ከፍትሐቱ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚሰማው በመሆኑ አጭርና የተረጋገጠ ነገር ብቻ የያዘ መሆን አለበት። በእጅ ሰዓት እየለካሁ እንዳየሁት፣ በእጅ የተጻፈ ሁለት ገጽ ረጋ ተብሎ ሲነበብ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ ካለፈ ከኋላ የቆሙት ማውራት ይጀምራሉ። ሟቹ ሙስሊም ከሆኑ ቀብሩ ስለሚፈጥንና ሥርዓቱም የተለየ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ከቀብሩ ይልቅ በኋላ ትምህርት ቤቱ ወይም የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ለሚያዘጋጁት መታሰቢያ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ይህንንም የቤተሰቡን ታላላቆች ሳይጠይቁ አይወስኑ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሽኝት መርሐ ግብሩን የሚመራ ሰው ስላለ፣ ስንት ደቂቃ እንደተመደበልዎት አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃል።

በዚያች ሌሊት ከቤተሰቡ የሚፈለገው ጥቂት ነው፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የአባትና የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታና ዘመን፣ የተማሩባቸውና ያስተማሩባቸው ቦታዎች፣ የትዳርና የልጆች ሁኔታ። ስለ ሕመማቸው «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ከሚለው ያለፈ ዝርዝር፣ ቤተሰቡ ራሱ ካልፈለገ በቀር አይጨምሩ። የልጆችን ስም ግን በቃል ተነግሮዎት እንዳይጽፉ። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አጎት በስልክ የነገሩኝን አምስት ስም ጽፌ አነበብሁ፤ ከመጀመሪያው ትዳር የተወለደችው ስድስተኛዋ ልጅ ከአስከሬኑ ሳጥን አጠገብ ቆማ ነበር። ድምፅዋን አላሰማችም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ብቻ ነው ያደረገችው። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን በወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከቤተሰቡ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ በተለይ ከሁለቱም ወገን ለሚሆኑ፣ ሳላሳይ አንብቤ አላውቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው የዘመን ጉዳይ ነው። መምህራን ወረቀት አይጥሉም፤ የቅጥር፣ የዝውውርና የደረጃ ዕድገት ደብዳቤዎቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአልጋ ሥር በብረት ሳጥን ወይም በፌስታል ተጠቅልለው ይገኛሉ። እነዚህን ያስወጡ፣ በዘመን ቅደም ተከተል ወለሉ ላይ ይደርድሯቸው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መጻፍ ይጀምሩ። በቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው የትውልድ ዘመን ቤተሰቡ ከሚያውቀው ጋር ባይገጥም አይደንግጡ፤ በዚያ ዘመን ገጠር የተወለደ ሰው ለመቀጠር ሲል የገመተው ቁጥር ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የቤተሰቡን መያዝ ወይም ዘመኑን ትቶ ዕድሜን «በ80ዎቹ መጀመሪያ» ብሎ መግለጽ ነውር የለውም። የማዕረግ ስሙን ግን እንደ ደብዳቤው ይጻፉ። በመምህራን የደረጃ ዕድገት «ከፍተኛ መምህር» እና «መሪ መምህር» የተለያዩ እርከኖች ናቸው፤ ሟቹ መሪ መምህር ከነበሩ በጉባኤው ውስጥ የሚገኙት የሥራ ባልደረቦቻቸው ያንን ቃል ይጠብቃሉ።

ሽማግሌዎች «በዘመቻው ጊዜ» ሲሉዎት የትኛው ዘመቻ እንደሆነ ይጠይቁ። በታኅሣሥ 1967 የተጀመረው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ አንድ ነው፤ ያኔ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ ገጠር ተሰማርተዋል። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሌላ ነው፤ ይህኛው በዙር በዙር ለዓመታት የዘለቀ፣ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ በዩኔስኮ በኩል ለመሠረተ ትምህርት የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ነው። በዚያ ትውልድ ያሉ ብዙ መምህራን በሁለቱም ተሳትፈዋል። በየትኛው ዙር፣ በየትኛው ወረዳ፣ በምን ቋንቋ እንዳስተማሩ ቢገኝ፣ «በልዩ ልዩ ሀገራዊ ግዳጆች ተሳትፈዋል» ከሚለው ሐረግ እጅግ የሚበልጥ መስመር ያገኛሉ።

ወደ ፈረንጆች ዘመን መለወጥ የሚመጣው በውጭ ያሉ ልጆችና የልጅ ልጆች ጽሑፉን ሲያነቡ ነው። ሰው ሁሉ ስምንት ዓመት ይደምራል፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆች አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ ግን ልዩነቱ 7 ነው። ለምሳሌ መምህራን ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ያቆሙት በየካቲት 1966 ሲሆን የእድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረው በታኅሣሥ 1967 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሁለት የተለያዩ ዓመታት ቢሆኑም በፈረንጆቹ ሁለቱም 1974 ናቸው። ወሩን ሳያውቁ ዓመቱን ከመለወጥ ሳይለውጡ መተው ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የተለመደውን የአጻጻፍ ስልት ሁላችን እናውቀዋለን፦ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…»። ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል፤ እኔ አልስቅም። ሐዘንተኛው የሚጠብቀው አጥንት ነውና እንዳለ ይተዉት። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጣው «ታታሪ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» በሚለው ድርድር ላይ ነው። እነዚህን ቃላት ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው አንብበናቸዋል። እያንዳንዱን ቅጽል ከመጻፍዎ በፊት «ይህን ያየ ማን ነው? የት ነው ያየው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልስ ካገኙ መልሱን ይጻፉና ቅጽሉን ይሰርዙ፤ መልስ ካላገኙ ሁለቱንም ይሰርዙ። የድሮዎቹ አልቃሾች እንኳ ግጥም ከመደርደራቸው በፊት ቤተ ዘመዱን ጠጋ ብለው «ምን ሠራ? ምን ተረፈው?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ለቅሶው የሚሞቀው ሙያው በስሙ ሲጠራ ነው።

አንድ የማስታውሰውን ልንገርዎ። አንዲት የሂሳብ መምህርት ባረፉ ጊዜ ቤተሰቡ የሰጠኝ ቃል «ለጋስ ነበሩ» የሚል ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ የቧንቧ ሠራተኛ ሲሆን 5ኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። በየዓመቱ መስከረም ላይ መምህርቷ የተማሪውን ሁሉ ደብተር ሰብስበው፣ «በእኔ ክፍል ስም የምጽፈው እኔ ነኝ» ብለው፣ በራሳቸው እጅ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስምና ክፍል ይጽፉበት እንደነበር ነገረኝ። ተማሪው የእጅ ጽሕፈታቸውን ውበት ለማሳየት ይመስለው ነበር። እሱ ግን በዚያ ዓመት ደብተር አላመጣም ነበር፤ ደብተሮቹ ሲመለሱ በክምሩ ውስጥ ስሙ የተጻፈባቸው አራት ደብተሮች አገኘ። የሁሉም ላይ የጻፉት ለሌላቸው ልጆች የገዟቸው ደብተሮች እንዳይለዩ ኖሯል። በማግስቱ «ለጋስ» የሚለውን ቃል ትቼ ይህንኑ አነበብሁ፤ ትልቋ ልጃቸው ከቀብር ስንመለስ «መስከረም መስከረም ደመወዟ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ዛሬ ገባኝ» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው በትክክለኛ ጥያቄ ነው። ተማሪን «መምህርህ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» ብለው ከጠየቁት «በጣም ጥሩ» ብሎ ይዘጋዋል። ይልቁንስ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ምን ያደርጉ እንደነበር ይጠይቁት። ተማሪውን የሚጠሩት በስሙ ነበር ወይስ በሮል ነምበር? የረፈደበትን ምን ያደርጉታል? በአለንጋ፣ በኩርኩም ወይስ በዝምታ ይቀጡ ነበር? ጠመኔው ሲያልቅ ምን ይሆናል? ሁልጊዜ የሚደግሟት አባባል ምን ነበረች? በተለይ ጎበዝ ያልነበሩትን ተማሪዎች ይፈልጉ። አንደኛ የወጣ ተማሪ መምህሩን ሁሉ ይወዳል፤ ክፍል የደገመው ግን ማን እንዳልተወው ያስታውሳል።

ሰው በሚያውቀው ምሳሌ ላስረዳ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት የአሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት መሥራች አስፋው የምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ሕጻናት ሽልማትን ያገኙ ሰው ናቸው፤ አንድ ሰነፍ ጸሐፊ ታሪካቸውን ከሽልማቱ ይጀምራል። የሕይወታቸው ቁልፍ ግን ከዚያ በፊት ነው፦ ከቡልጋ በልጅነታቸው ብቻቸውን አዲስ አበባ መጥተው ጎዳና ያዩ፣ ኋላም ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የገቡ ልጅ፣ ገና ተማሪ ሳሉ ከትምህርት ቤቱ የሚተርፈውን ምግብ ለጎዳና ልጆች ይወስዱ ነበር፤ ከምግቡም አልፈው እነዚያን ልጆች ከዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ዛፉ፣ ትራፊ ምግቡና የመምህሩ ዕድሜ አንድ ላይ ሲነገሩ «ሰው ወዳድ» የሚለው ቃል አያስፈልግም። የእርስዎ ሟች ሽልማት ባያገኙም አንድ ዛፍ አይጠፋቸውም፤ እሱን ይፈልጉ።

መምህሩ በጎ ፈቃደኛም ከነበሩ፣ ሰው ሁሉ የሚያነበው «በአካባቢያቸው ልማት የጎላ ተሳትፎ ነበራቸው» የሚለው ቀመር ይመጣል። ይህም በዝርዝር ይተካ። የእድሩን ቃለ ጉባኤ መዝገብ ያስከፍቱ፤ ብዙ መምህር የእድር ጸሐፊ ሆኖ ስለሚመረጥ የእጅ ጽሕፈታቸውን እዚያው ሊያገኙት ይችላሉ። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱን መዝገብ፣ የቀይ መስቀል ክበቡን፣ የቦኖ ውሃ ወይም የመንገድ ሥራ ኮሚቴውን ይጠይቁ፤ በክረምት ያለ ክፍያ ማጠናከሪያ ያስተማሩት የት ቤት በረንዳ ላይ እንደነበር፣ ጥቁር ሰሌዳውን ማን እንደሠራላቸው ይጠይቁ። ገንዘብ የተዋጣበት ሥራ ከሆነ የተዋጣውን መጠን ከመዝገብ እንጂ ከወሬ አይውሰዱ። ሥራውን ብቻቸውን እንደሠሩት አድርገውም አይጻፉ፤ ከኮሚቴው ጓደኞቻቸው መካከል በሕይወት ያሉት እዚያው ቆመው ይሰማሉ፣ ሲዘለሉም ቅር ይላቸዋል፣ ልክም ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። የተረዱ ሰዎችን ስም፣ ቤት ወይም ሕመም አይግለጹ። በደብተሩ ታሪክ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛውን ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው፤ እሱን አስፈቅጄ ታሪኩን ብቻ ወሰድሁ። መምህሩ በስውር የሠሩትን በጎ ሥራ በድምፅ ማጉያ ስንገልጠው በስውር የቆየው የተረዳውም ወገን መሆኑን አንርሳ።

ስለ ጉድለትስ? «ሙት ወቃሽ አያድርገን» እንላለን፤ በቀብር ላይ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ባለመውቀስና በመዋሸት መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ቁጡ የነበሩትን መምህር «ለስላሳ አንደበት የነበራቸው» ብለው ቢያነቡ ተማሪዎቻቸው ይሳሳቃሉ፤ «ደወል ተደውሎ በር ላይ የተገኘ ተማሪ ሰበብ አልነበረውም» ቢሉ ግን ፈገግ እያሉ ያለቅሳሉ። ፖለቲካው ያስቸግራል። በአብዮቱ ዘመን የታሰሩ፣ የቀበሌ ሹመት የነበራቸው ወይም ከሥራ የተባረሩ መምህራን ብዙ ናቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ የተስማማበትን፣ ዓመቱና ቦታው የታወቀውን ብቻ ያለ ማብራሪያ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስፍረው ይለፉ።

በቋንቋው በኩል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንቱታ ይጻፉ፤ በየመሐሉ «ተወለደ»፣ «አስተማሩ» እያለ የሚቀላቀል ጽሑፍ አንባቢውን ያደናቅፈዋል። ዐረፍተ ነገር ሲጽፉ ትንፋሽን ያስቡ፦ ለአርባው መጽሔት የሚሆን ረጅም ዐረፍተ ነገር ፀሐይ ላይ ለሚያነብ ሰው አይሆንም። አንባቢው ከቤተሰቡ ባይሆን ይመረጣል፤ ልጅ ሲያነብ ከሁለተኛው አንቀጽ በላይ ብዙም አይዘልቅም። የእጅ ጽሑፍ ከሆነ በትልልቅ ፊደል፣ በእያንዳንዱ ወረቀት አንድ ፊት ላይ ብቻ ይጻፉትና ቢያንስ አንድ ጊዜ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ የቦታ ስሞችን ከአካባቢው ሰው ጋር ይፈትሹ።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ጊዜ አለ። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ እያሉ ስለሚከታተሉ፣ ሰፊውን ጽሑፍ ለአርባው ማድረስ ካስቸገረ ለሙት ዓመቱ ማቆየት ነው። በዚህ ጊዜ ተማሪዎቹን በቴሌግራም አንድ ላይ ሰብስቡ፤ በአሜሪካም በዓረብ አገርም ያሉት በአንድ ቀን ይገቡበታል። «ትዝታችሁን ጻፉ» ብሎ መለጠፍ ግን አይሠራም፤ ሁሉም «ነፍስ ይማር» ብሎ ያልፋል። ለእያንዳንዱ በግል አንድ ጥያቄ ላኩለትና በድምፅ እንዲመልስ ጠይቁት። በጽሑፍ የሚያፍር ሰው በድምፅ አምስት ደቂቃ ያወራል፤ እናንተ ትገለብጡታላችሁ፣ መልሳችሁም ታሳዩታላችሁ። የድሮ ፎቶግራፎችን ከማንሳታችሁ በፊት በውስጡ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ ሽማግሌ አስቀምጣችሁ፣ በጀርባው በእርሳስ ስማቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል።

ቋሚ መታሰቢያ የሚታሰብ ከሆነ ትንሽና በየዓመቱ የሚደገም ነገር ይሻላል፤ ለምሳሌ በመምህሩ ስም ለሁለት ወይም ለሦስት ተማሪዎች የዓመት ደብተርና የደንብ ልብስ። አንድ ጊዜ የቀድሞ ተማሪዎች ሆነን ለአንድ ትምህርት ቤት በመምህራችን ስም መደርደሪያና መጻሕፍት ሰጠን፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንሄድ ርእሰ መምህሩ ተቀይሮ፣ መጻሕፍቱ በካርቶናቸው ስቶር ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ ርክክቡን በጽሑፍ አላደረግንም፣ ከመምህራኑም ከወላጅ ኅብረቱም ተጠሪ አልያዝንም።

ጽሑፉ ሲያልቅ ቢያንስ ሦስት ቅጂ ያውጡ፤ አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለእድሩ መዝገብ ቤት። በየቅጂው የተጻፈበትን ቀንና የጸሐፊውን ስም ያስፍሩ፣ የመጨረሻውንም ገጽ ባዶ ይተዉት። ከተነበበ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ «እኔ የነበርሁት 7ኛ “ሐ” ነው እንጂ 7ኛ “ለ” አይደለም፤ ያን ቀን ደግሞ ዝናብ ነበር» ይልዎታል፤ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው።